የአዮ መይሙና የገብስ ክምር

ሰው በቀል ሲያስብ ምን ያህል ታታሪ እንደሚሆን የማውቀው ከራሴ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ተግቼ፣ ተጠንቅቄና ተደስቼ የሠራሁበት ጊዜ የለም። ዛሬ የማወራችሁ በዚያ ሳምንት መጨረሻ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የደረሰብኝን ነው። ቃሉን ላስተካክልና፣ ያደረስኩትን ነው።

ነገሩ በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ለገሰ እባላለሁ፤ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ አሰበ ተፈሪ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ እይዛለሁ። ኦሮምኛውን ገና በልጅነቴ ከሰፈር ልጆች ጋር ስሯሯጥ ስለለመድኩት ባላገር በመጣ ቁጥር አስተርጓሚውም እኔ ነኝ። አለቃዬ አቶ ታፈሰ የሚባል የጤና መኮንን ነበር። ሁልጊዜ ክራባት ያስራል፤ ሲናገር ያምርበታል። እጁም ለሕክምና መጥፎ አልነበረም፤ በዚህ አላማውም።

በዚያ ዓመት ከወደ መሰላ፣ ከአንዲት የደጋ መንደር፣ ሆዳቸው የተነፋ ሰዎች በቃሬዛ ይመጡልን ጀመር። እጅ እግራቸው መንምኖ ሆዳቸው ብቻ እንደ ነፍሰ ጡር ይገፋል። ውሃውን በመርፌ እናወጣላቸዋለን፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ይቋጥራል። ከመጡት ውስጥ በእግሩ ወደ ቤቱ የሄደው ጥቂት ነው። አቶ ታፈሰ የመንደሩን ምንጭ ጠረጠረ። እኔን ጠራኝና፣

«ሂድ፣ በሽተኛ ቁጠር፣ ውሃውን ቀድተህ አምጣ» አለኝ።

ሦስት ወር ተመላለስኩ። በደብተር ላይ መንደሩን ቤት በቤት ሣልኩት፤ በሽተኛ ያለበትን ቤት በመስቀል፣ ጤነኛውን በክብ። ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። በመስቀሎቹ መሃል ግን አንዲት ክብ ነበረች። ስምንት ነፍስ የሚኖርባት፣ አንድም በሽተኛ የሌለባት ቤት።

የቤቲቱ ባለቤት መይሙና ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ረጅም ሴት ናት። መንደሩ «አዮ» ይላታል፤ እናት እንደማለት ነው። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም፤ ለእኔም፣ ለጭቃ ሹሙም፣ ለማንም «አንተ» ነው። ስደርስ ሰፌድ ላይ ገብስ እየለቀመች ነበር። ጥቁርና ጠፍጣፋ ፍሬ በጣቷ እያነሳች ወደ ውጭ ትወረውራለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሃዳ» አለችኝ። መራራ ማለት ነው። «ከገብስ ጋር ይበቅላል፣ ከገብስ ጋር ይታጨዳል። ዶሮ አይበላውም። ወላሂ፣ ርቦትም አይበላም። ዶሮ የጠላውን እኔ ለልጆቼ ሹርባ ውስጥ እጨምራለሁ?»

ለጎረቤቶቿ ነግራቸው እንደሳቁባት፣ «ለአዮ ዶሮዋ ሐኪም ሆናላታለች» እንዳሏት አጫወተችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በመንገድ ላይ ግን ሳቄ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ድካም ነው፤ ይህን ማንም አይነሳኝም። ከየቤቱ አንዳንድ ጣሳ ገብስ ለምኜ ጥቁሯን ፍሬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ፍሬዋ በበዛችበት ቤት በሽተኛው በዝቷል። ፈጭቼ በሊጥ አድርጌ ጫጩቶች አጎረስኩ፤ በሳምንታት ውስጥ አለቁ። ሆዳቸውን ስከፍት ጉበታቸው እንደ ጠጠር ደርቋል። የዚያን ዕለት ደብተሬ ላይ በትልቁ «የበሽታውን ምክንያት አገኘሁ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ መይሙና የጻፍኩት ነገር ቢኖር «አንዲት ጤነኛ ቤት» የምትል ናት።

አቶ ታፈሰ ደብተሩን እያገላበጠ ከወንበሩ ተነሳ።

«ግሩም! በታይፕ አስመትቼ ወደ አዲስ አበባ እልከዋለሁ። መልስ እስኪመጣ ግን ለባላገሩ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ተሳስተን ብንገኝ መሳቂያ ነው የምንሆነው።»

ታዘዝኩ። አራት ወር አፌን ዘጋሁ። በአራቱ ወር ውስጥ ሰው እዚያች መንደር ያንን ገብስ ይበላ ነበር።

አንድ ማለዳ ከአዲስ አበባ የመጣ ወረቀት ፋይል ውስጥ እንዳስገባ ሰጠኝ። የጥናቱን ግልባጭ ያየሁት ያኔ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ የእኔ ናቸው፤ የጫጩቶቹ ቁጥር የእኔ ነው፤ የመንደሩ ካርታ እንኳ ከእጄ ሥራ የተገለበጠ ነው። ከላይ ያለው ስም ግን የታፈሰ ብቻ ነው። ምስጋናው ላይ ደረስኩ። ለጭቃ ሹሙ ምስጋና ቀርቧል፤ በቅሎ ስላዋሱን። በቅሎዋ ላይ የተቀመጠው ሰው የለም።

ወረቀቱን ይዤ ገባሁ።

«አቶ ታፈሰ፣ የእኔ ስም የታለ?»

ብዕሩን አስቀመጠ፤ አልደነገጠም። «አየህ ለገሰ፣ አንተ እህል ቆጠርክ። ለቁጥሩ ትርጉም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ድሬሰር አገኘው ተብሎ ቢጻፍ ማን ያነበው ነበር? ለመንደሩ ሰው አስበህ ደስ ሊልህ ይገባል።»

«ትርጉሙም እኮ ደብተሬ ላይ አለ።»

«ደብተሩ የመንግሥት ነው» አለ። «ሰኞ ጥናቱን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። ሻንጣ ትይዛለህ፣ ታስተረጉማለህ። ሸሚዝህን አጥበህ ና።»

ወጥቼ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ማሰብ ጀመርኩ። ታፈሰ ያቺን መንደር ረግጦ አያውቅም። ሃዳን የሚያውቃት እኔ ቆርጬ፣ በጋዜጣ መሃል አስተኝቼ፣ አድርቄ ከሰጠሁት አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ሃዳን የምትመስል ሌላ አረም ደግሞ አለች፤ አበባዋ እንደ ሃዳ ቢጫ፣ ቁመቷ እንደ ሃዳ ጉልበት የሚደርስ። ፍሬዋ ግን ቡናማና ክብ ነው። ማንንም አትጎዳም፤ እንዲያውም ፍየል ይወዳታል።

ደረቁ ቅርንጫፍ የተቀመጠበት ሣጥን ያለው መድኃኒት ክፍል ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ያቺን የፍየል አረም ቆርጬ፣ ፍሬዋን አራግፌ በድብቅ አደረቅሁ፤ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ሃዳን አውጥቼ እሷን በቦታዋ አስተኛሁ። ጋዜጣውን እንደነበረ አጠፍኩ። ታፈሰ በእንግዶቹ ፊት፣ ማሳ መሃል ቆሞ፣ በሙሉ አፉ የተሳሳተውን አረም ሲያሳይ ታየኝ። ከመንደሩ ሰው አንዱ ሲስቅ ተሰማኝ። ያን ሳምንት በእርካታ በላሁ፤ በእርካታ ተኛሁ።

ሰኞ እንግዶቹ በላንድሮቨር መጡ። አንደኛው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ባለሥልጣን ናቸው። ሁለተኛው ዕፅዋት የሚያጠኑ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሁሉ ሰው «ፕሮፌሰሩ» ይላቸዋል። ታፈሰ ጋዜጣውን ገልጦ ደረቁን ቅርንጫፍ አሳየ። ፕሮፌሰሩ በአጉሊ መነጽር ረጅም ጊዜ አዩትና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«በቦታው ላይ ልየው ይላሉ» አሉ ባለሥልጣኑ።

«ነገ ያዩታል ጌታዬ» አለ ታፈሰ ደረቱን ነፍቶ። «እንዲያውም አረሙ የበዛበትን አንድ ክምር በሕዝቡ ፊት አቃጥዬ ትምህርት እሰጣለሁ።»

ማቃጠል የሚለውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የማን ክምር ብዬ አልጠየቅሁም። እልልታ ውስጤ ነበር፤ ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

በማግስቱ መኪናው እስከቻለበት ሄድን፤ የቀረውን በእግር ወጣን። ጊዜው የመኸር ነው፤ ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ጥግ ተከምሯል። ጭቃ ሹሙ ሕዝቡን ሰብስበው ጠበቁን። ታፈሰ ደረቁን ቅርንጫፍ በእጁ ይዞ ከክምር ወደ ክምር ይዘዋወር ጀመር። አንዱን ነዶ መዝዞ ያያል፤ ይመልሳል። ሌላውን ይመዛል። እኔ ሻንጣ ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ መቼ እንደሚዋረድ እየጠበቅሁ።

አንድ ክምር ጋ ሲደርስ ቆመ። ነዶውን መዘዘና ከቅርንጫፉ ጋር አስተያየ። ፊቱ በራ።

«ይኸው! ሙሉ በሙሉ የተመረዘ ነው!»

ክምሩ የመይሙና ነበር።

እንዴት አላሰብኩትም? ሃዳን ከማሳዋ እየነቀለች የምትጥል በመንደሩ እሷ ብቻ ናት። የፍየሏን አረም ደግሞ አትነቅላትም፤ ጭዱን ለፍየሎቿ ስለምትሰጥ ሆን ብላ ትተዋታለች። በዚያች መንደር ከሃዳ የጸዳ አንድ ክምር ቢኖር እሱ ነው፤ የፍየሏ አረም የበዛችበትም እሱ ብቻ ነው። እኔ ያስተኛኋት ቅርንጫፍ ጣቷን ቀስራ ወደ እሱ አመለከተች።

ፕሮፌሰሩ ጠየቁ፤ ባለሥልጣኑ አስተረጎሙ። «በዚህ ቤት ስንት በሽተኛ አለ?»

«ብዙ» አለ ታፈሰ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ክምሩ ሊቃጠል መሆኑን ንገራት» አለኝ።

መይሙና ከሰው መሃል ወጥታ መጥታ ነበር። እኔን ስታይ ፈገግ አለች፤ ወዳጇ ነኛ።

«ለገሰ፣ ሰውዬው ምን ይላል?»

እዚህ ላይ እንድትጠሉኝ እፈቅድላችኋለሁ። ማስቆም እችል ነበር። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት አእምሮዬ የሠራው ሒሳብ ይህ ነው፦ አሁን ብናገር ታፈሰ «ተሳሳትኩ» ብሎ ያልፋል። ክምሩ ከነደደ በኋላ ብናገር ግን አይተርፍም። የደሃ እህል ያቃጠለ ሰው ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ በገዘፈ ቁጥር ውድቀቱ ይከፋል።

በኦሮምኛ፣ «ገብስሽ መርዝ ነው፤ ይቃጠላል ይላል» አልኳት።

ፈገግታዋ እንዳለ ቀረ፤ አልገባትም። «የኔ? የኔ ገብስ?» አለች። ጭቃ ሹሙን አየች፤ እኔን አየች። «ንገረዋ! አንተ ታውቃለህ፣ ንገረው!»

ዝም አልኩ።

ታፈሰ ክብሪቱን ለጭቃ ሹሙ ሰጠ። እሳቸውም ትንሽ አመነቱና ጫሩ። ደረቅ ገብስ ደግሞ አይለመንም፤ በአንዴ ተያያዘ። ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። መይሙና ብቻ ወደ ፊት ሮጠች። እሳቱ ውስጥ እጇን ከታ ነዶ ትጎትታለች፣ ትወረውራለች፤ ተመልሳ ትገባለች። ጩኸቷ ቃል አልነበረውም። ያኔ ነው እግሬ የተፈታው። ሻንጣውን ጥዬ ሮጥኩ፤ እኔን አይቶ መንደሩ ሁሉ ተከተለ። በቅጠልም፣ በጨርቅም፣ በአፈርም ተረባርበን ግማሹን አዳንን። ግማሹ አመድ ሆነ።

ቀኝ እጇ ከአንጓው እስከ ክርኗ ተልጧል። ሥራዬ ነውና አስቀምጬ አጠብኩላት፤ ቅባት ቀብቼ መጠቅለል ጀመርኩ። ፊቴን ትመለከታለች። ጮክ አላለችም።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ክብሪቱ ሳይጫር?»

«ሳይጫር።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። እጇን ግን ከእጄ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችና የቀረውን ፋሻ በጥርሷ ይዛ ራሷ ቋጠረችው።

ተነስቼ ባለሥልጣኑ ፊት ቆምኩ። ቅርንጫፉን የለወጥኩት እኔ መሆኔን፣ ይህች አረም የፍየል ምግብ እንደሆነች፣ ጥናቱ የተሠራው በእኔ እንደሆነ ተናገርኩ።

«ምቀኛ ነው ጌታዬ!» አለ ታፈሰ። «ቁስል አጣቢ ነው፤ ምን ያውቃል?»

ፕሮፌሰሩ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ማስረጃ ፈለጉ። ማስረጃውን ያመጣችው መይሙና ናት። ከጎረቤት ክምር የሃዳን፣ ከራሷ ክምር የፍየሏን አረም ፍሬ በግራ እጇ አራገፈችና ሁለት ቦታ መሬት ላይ በተነች። ዶሮዎቿን ጠራች። ዶሮዎቹ ቡናማውን ለቅመው ጨረሱ። ጥቁሩን አንዲቷ አንስታ ተፋችው፤ ሌሎቹ አልነኩትም። ፕሮፌሰሩ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ሱሪያቸው አፈር ሲሆን ግድ ሳይላቸው፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

ባለሥልጣኑ ዞሩ። «ታዲያ ይህን ያገኘው ማነው?»

«እኔ» አለ ታፈሰ።

«እኔ» አልኩ እኔም።

እኩል ነው የተናገርነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ የሴትየዋ ክንድ ተልጦ፣ ልብሴ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ አሁንም ከአፌ የወጣችው ያቺው ቃል ነበረች።

መይሙና ሁለታችንን አፈራርቃ አየችን። ይህን ያህል አማርኛ አይጠፋትም። «ሁለታችሁም?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ላንተ ማን ነገረህ?»

ሰው ሁሉ ይሰማል። «አንቺ» አልኩ። «እሷ ናት ያሳየችኝ ጌታዬ። ከእኔም ከሳቸውም በፊት ታውቅ ነበር።»

ባለሥልጣኑ ብዕር አወጡ። «ስምሽ ማነው እመቤት?»

«መይሙና።»

«የአባት ስም?»

«ምን ያደርግልሃል?» አለቻቸው። «ገብሴን ጻፍ።»

እኔ ቅርንጫፍ በመለወጤ ከሥራ ተባረርኩ፤ ተገቢ ነው። ታፈሰ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረ፤ እድገት ነው ያሉም ነበሩ። በእጄ ሳይሆን በሌላ ሰው እጅ ክብሪት እንዲጫር ጠብቄ፣ የአንዲት ሴት ቀለብ አስቃጥዬ ያገኘሁት በቀል ይኸው ነው። የታረመው ጥናት ከዓመታት በኋላ ሲደርሰኝ ገልጬ አየሁት። «አንዲት ባላገር ሴት» እና «አንድ ድሬሰር» ይላል።

ከተባረርኩ በኋላ በአህያ ገብስ ጭኜ መንደሯ ሄድኩ። ተቀበለችኝ፤ አልመረቀችኝም። እጇ ድኖ ነበር፤ ቆዳው ግን ተሸብሽቧል።

«ይህ ለገብሴ ነው» አለች። «ለዝምታህስ?»

«ምን ላድርግ አዮ?»

«ሰው ሊቃጠል ሲል ዝም ያለ አፍ አለህ። አሁን ገበያ ላይ ክፈተው።»

እንዲህ ፈረደችብኝ። መጀመሪያ መሰላ፣ ከዚያ በደሳ፣ ከዚያ መቻራ ድረስ፣ በገበያ ቀን ቆሜ ሃዳን በእጄ ይዤ ተናገርኩ። እሷም አብራኝ መጣች፤ አጠገቤ ትቆምና የዘለልኩት ነገር ካለ «ይህንን ረሳህ» ትለኛለች። ማን እንዳገኘው፣ እኔ እንዴት እንደደበቅሁት፣ ክምሩ ሲቃጠል እንዴት እንዳየሁ። ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እግሬ ሥር ተፍተው አለፉ። ግን ሰሙ። ሴቶች ገብሱን መልቀም ጀመሩ፤ በቃሬዛ የሚመጣውም ሰው በዓመት በዓመቱ እየቀነሰ ሄደ።

ሕዝቡ አረሟን በመይሙና ስም ጠራት። «መይሙናን ልቀሙ» ይባላል ሰፌድ ላይ። እኔ ትልቅ ክብር መስሎኝ ልነግራት ብሄድ ተቆጣች። «መርዙን በስሜ? ሰው ስሜን እየለቀመ ይወረውራል፤ ይኼ ነው ምስጋና?» እስክትሞት ድረስ ይህን አልወደደችውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ድካማችሁ በሌላ ሰው ስም የተጻፈባችሁ ካላችሁ፣ ቁጣችሁን አውቀዋለሁ፤ ተዉት አልላችሁም። ክብሪቱን ከመጫራችሁ በፊት ግን ደብተራችሁን ግለጡና እናንተ «አንዲት ቤት» ብላችሁ ያለፋችሁት ማን እንደሆነ እዩ። የእኔ ቁጣ ልክ ነበር፤ ተዘርፌያለሁ። ዘራፊም ነበርኩ።

ታዲያ ግኝቱ የማነው ትሉኝ ይሆናል። መይሙና አየችው። እኔ ቆጠርኩት፣ ፈተንኩት። ከዚህ በኋላ አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ዓመታት ሙሉ ወረቀት ባነሳሁ ቁጥር ስዘለው የኖርኩት። አቶ ታፈሰ በዚያ ባማረ ቋንቋው ባይጽፈውና ባይልከው ኖሮ ማንም ወደዚያች መንደር ባልመጣ፣ ደብተሩም መሳቢያ ውስጥ አይጥ በበላው ነበር። ይቅር ግን አላልኩትም። የድርሻውን እንኳ ዛሬ ስጽፍለት፣ እጄ እንደ ድንጋይ ከብዶኝ ነው።